እንግዳው ፍሪጁን ትቶ በርጩማው ላይ የወጣበት ዓመት

በእማማ ዘመነ መንግሥት፣ የሳሎኑ ሶፋ ፕላስቲክ በለበሰ በሃያኛው ዓመት፣ ሪሞቱ ጠፍቶ በተገኘ በሁለተኛው፣ ዳግመኛ በጠፋ በመጀመሪያው ዓመት፣ የቤቱ ጌታ አባባ ካረፉ ወዲህ ሁለተኛው በዓል ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዝምታን እንደ ካፖርት የሚደርበው፣ ጫማውን በር ላይ በጥንድ አስተካክሎ የሚያወልቀው፣ ፈዋሴ ፍሪጅ፣ የመካከለኛይቱ ልጅ ባል፣ ስም እያለው እንግዳው የሚባለው ጀግና፣ በፈጣሪ ቸርነትና በሚስቱ ግፊት ወደ አማቱ ቤት ገባ። የዚያን ቀን ሥራውን እንጽፋለን፤ አንድ ዓይነ አፋር ሰው በዘመዶቹ ፊት በርጩማ ላይ ለመውጣት ምን ያህል ልብ እንደሚያስፈልገው የሚመጣው ትውልድ እንዳይረሳ።

በዚያ ቤት በየዓመቱ በበዓሉ ዋዜማ፣ ምሳ ተበልቶ መጋረጃው ሲዘጋ፣ አንድ ፊልም ይታይ ነበር። በዓለም ላይ ሌላ ፊልም መኖሩ ቢሰማም ቤተሰቡ ይህንን «ፊልሙ» ብቻ ይለው ነበር። ፊልሙም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚዘፈንበት፣ በረዶ በማያቋርጥባት ከተማ በበዓል ዋዜማ መሰላል ተሸክሞ የመንገድ ፋኖስ የሚለኩስ ጎልማሳ የሚዞርበት፣ ሥጋ ሻጩ ከነቢላው፣ ፖሊሱም ከነፊሽካው የሚጨፍርበት ነው። ቋንቋው የባዕድ ነው፤ ከቤተሰቡ አንድም የሚረዳው የለም፤ ነገር ግን ዘፈኑን የማይችል የለም። ፍቺውን ሳያውቁ እያንዳንዱን ቃል ከነትንፋሹ፣ ከነሳሉም ጭምር ይሉት ነበር።

ይህም ፊልም በካሴት ነበረ። ከብዙ ዘመን በፊት ዴኩ ካሴቱን በላው፤ አባባም በመቀስና በፕላስተር ከሞት መለሱት፤ ነገር ግን የተጨማደደው ተቆርጦ ስለተጣለ ታሪኩ መሐል ላይ ገደል ገባ። ፋኖስ ለኳሹ መሰላሉን ከልጅቷ መስኮት ሥር ያቆማል፤ ይወጣል፤ ደረቱን ነፍቶ አፉን ይከፍታል፤ ወዲያው ቴሌቪዥኑ ይንጫጫል፤ ከዚያ ነግቶ ልጅቷ ቬሎ ለብሳ ትታያለች። በመካከሉ ምን እንደሆነ ሰው ሁሉ በተጨነቀ ጊዜ አባባ እንዲህ ብለው አወጁ፦

«ምን ያስጨንቃችኋል? እኔ ልጅ ሆኜ ሲኒማ ቤት አይቼዋለሁ። ዘፈኑን አውቀዋለሁ፤ ዞር በሉ።»

ይህንም ብለው ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለውን በርጩማ አምጥተው፣ አንዱ እግሩ አጭር ነበርና ካርቶን አጥፈው ከሥሩ አድርገው፣ ወጥተው በአገራቸው ቋንቋ ዘፈኑ፦

የመንደሩን ሁሉ ፋኖስ ለኮስኩና፣
ያንቺ መስኮት ብቻ ጨለማ ሆነና፣
ክብሪቴ አንድ ቀረች፣ ነፋሱም በረታ፣
ክፈቺልኝና ላብራልሽ ለማታ።

አዝማቹም «ክፈቺ፣ ክፈቺ፣ መሰላሉ ይንቀጠቀጣል፤ እግሬ ቢጸናልኝ ልቤ መች ይቀመጣል» የሚል ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ካሴቱ ገደሉ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ አባባ ይወጣሉ፤ ቤቱ አዝማቹን ይቀበላል፤ ልጅቷም ትዳራለች። ሕግም ሆነ፦ ወደዚያ ቤት በጋብቻ የገባ ሁሉ በርጩማው ላይ ወጥቶ አዝማቹን ካልዘፈነ «ልጃችን» አይባልም።

እንግዳው ግን ድምፁን ለገዛ ሚስቱም በቁጠባ የሚያሰማ ሰው ነበርና፣ ባገባበት ዓመት ተራው በደረሰ ጊዜ ፊቱ ቀልቶ «ፍሪጁ ድምፁ ልክ አይደለም፤ ልየው» ብሎ ወደ ወጥ ቤት ሸሸ። ፍሪጁ ደህና ነበረ። በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ አደረገ፤ ፍሪጁም እንዲሁ ደህና ነበረ። ስለዚህ እንግዳው ተባለ፤ የእንግድነቱም ቅጣት ከባድ ነበረ። ሌላው ሶፋው ላይ ተደራርቦ ሲቀመጥ ለእርሱ የብቻው ወንበር ይሰጠዋል፤ ሌላው በፕላስቲክ ኩባያ ሲጠጣ ለእርሱ ባለወርቅ ጠርዙ ስኒ ከነማስቀመጫው ይወጣል፤ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ሲሰዳደብና ሲሳሳቅ፣ እማማ ወደ እርሱ ዞር ብለው «ይብሉ እንጂ፣ ምነው አልበሉም?» ይሉታል። ሳህን ላጥብ ብሎ ቢነሣ ቤቱ ሁሉ «ኧረ በሞቴ! እርስዎማ ይቀመጡ!» ብሎ ይጮህበታል። አንድ ቀን እንኳ «አንተ ዝርክርክ» የሚለው ሰው ቢያገኝ በወደደ ነበር።

አባባ ካረፉ በኋላ በመጣው በዓል ካሴቱ ገደሉ ጋ ደርሶ ቆመ፤ በርጩማው ላይ ግን የወጣ አልነበረም። እንግዳው እንደ ልማዱ ወጥ ቤት ገብቶ እጁን ፍሪጁ ላይ ጭኖ ቆሞ ነበር። እማማም እንባቸውን ለመደበቅ ገብተው እዚያ አገኙት፤ ዘፈኑን ለፍሪጁ በለሆሳስ ሲያንጎራጉርለት ሰሙ፤ ውኃ ቀድተው ወጡ።

አሁን ወደ ያዝነው ዓመት እንመለስ። በዚያ ዋዜማ የተሰለፉት እነዚህ ናቸው፦ በዙፋናቸው፣ ማለት ምንጩ በተበላሸው ትልቁ ሶፋ ላይ፣ እማማ፤ በቀኛቸው፣ ሐዘኑ ከመድረሱ አስቀድማ የምታለቅሰው አክስት ከነፎጣዋ፤ በግራቸው፣ ፊልሙ ሳይጀምር እንቅልፍ የሚወስደውና ሲቀሰቅሱት «እያየሁ ነው» የሚለው ጎረቤት፣ ጡረተኛው ሾፌር፤ የእንግዳውም ሚስት፣ ምላሷ ከባሏ ድርሻ ጭምር የተሰጣት፤ በመጨረሻም የእማማ የበኩር ልጅ፣ የባንክ ሠራተኛው ታላቅ ወንድም፣ በየዓመቱ «ይኼ የመጨረሻዬ ነው» እያለ አንድ ዓመት ቀርቶ የማያውቀው። እርሱም ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ከፍ አድርጎ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«እናንተ ሰዎች፣ እስከ መቼ በተቀደደ ፊልም! ሙሉውን አምጥቻለሁ፤ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ዘንድሮ በርጩማ የለ፣ ፕላስተር የለ። እማዬም በየዓመቱ አታለቅስም።»

እንግዳው ይህን በሰማ ጊዜ ልቡ ዘለለች። በርጩማ ከሌለ ማፈር የለም፤ ማፈር ከሌለ ፍሪጅ የለም። ሚስቱ ግን ደስታውን አይታ ጆሮው ሥር እንዲህ ብላ አወጀችበት፦

«እሰይ በል አንተ! በርጩማው ከቀረ በምን ወጥተህ ልጅ ልትሆን ነው? ዕድሜ ልክህን በዚያ ስኒ ጠጣ እንግዲህ።»

ጀግናውም ባለወርቅ ጠርዙን ስኒ አየ፤ ደስታውም እንደ ሞቀ ለስላሳ ጋዙ ወጣ።

ከዚህም በኋላ የጠራው ፊልም ተከፈተ፤ ጥራቱም ብዙ ጉዳት አደረሰ። ያ ሁሉ በረዶ ጥጥ ሆኖ ተገኘ። የሥጋ ሻጩ ጢም ባንድ ወገን ተላቅቆ ታየ፤ አክስትም ፎጣዋን ጭኗ ላይ ጥላ «ውይ! የተለጠፈ ነው እንዴ? እኔ እኮ ለዚህ ሰውዬ ስንት ዓመት ነው ያነባሁት!» ስትል አወጀች። ድምፁም ከመጥራቱ የተነሣ ጡረተኛው ሾፌር መተኛት አቅቶት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ አይቶ፣ «ይኼ ሰውዬ ድሮም መሰላል ነበረው?» አለ።

ገደሉም ቀረበ። ፋኖስ ለኳሹ መሰላሉን አቆመ፤ ወጣ፤ ደረቱን ነፋ፤ አፉን ከፈተ። የእንግዳው እግሮች ከልማድ የተነሣ ወደ ወጥ ቤት ዞሩ። እማማ ከሶፋው ፈቀቅ ብለው አንገታቸውን አሰገጉ፤ አክስት አዝማቹን ልትቀበል ትንፋሿን ያዘች።

ፋኖስ ለኳሹም አነጠሰ።

አነጠሰና አፍንጫውን ጠረገ፤ ወረደ፤ ቤቱ ገብቶ እግሩን በሳፋ ሙቅ ውኃ ነከረ። ከዚያ የከተማዋ ከንቲባ ሆዱን አስቀድሞ ወደ ልጅቷ አባት መጣ፤ ረጅም ነገር ዘፈነለት፤ ተጨባበጡ፤ ነጋ፤ ልጅቷ ቬሎ ለብሳ ታየች። መስኮቱን የከፈተ የለም፤ የመጨረሻ ክብሪት የለም። በሳፋው ውስጥ ግን የሰውየው ጣቶች ከነጥፍራቸው ጥርት ብለው ይታዩ ነበር።

ታላቅ ወንድምም ድምፁ ቀንሶ «እንግዲህ... ኦሪጅናሉ ይኼ ነው» አለ። አክስትም ሳታስብበት «ታዲያ አባባ ያዩት የቱን ነው?» ብላ አወጀች፤ ካወጀችም በኋላ አፏን በፎጣዋ ያዘች። የተነገረ ነገር አይመለስምና፣ ሟቹ በገዛ ሳሎናቸው፣ በገዛ ልጃቸው ፍላሽ፣ በዋዜማ ዕለት ውሸታም ሆነው ቆሙ። እማማ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አልበቃቸውም፤ ደግመው ጠረጉት። ዓይናቸውም ባዶው በርጩማ ላይ ነበረ።

ያን ጊዜ እንግዳው ተነሣ። ወደ ወጥ ቤት በር ሲያመራም ሁሉ አየው። ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች። ታላቅ ወንድምም «ሂድ በቃ፣ ፍሪጁ ናፍቆሃል» አለ። ጀግናው ግን በሩ ጋ በደረሰ ጊዜ ጎንበስ ብሎ በርጩማውን አነሣ። አክስት «ደግሞ ዛሬ ተቀምጦ ሊሠራው ነው!» አለች። እርሱም ተመልሶ በርጩማውን በምንጣፉ መካከል፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት አቆመ፤ ካርቶኑን ከሥሩ አስተካከለ፤ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ መቀደዱን አየ፤ የሚመለስበትን መንገድም አየ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ወጣ።

በርጩማው ተንቀጠቀጠ፣ የሳሎኑም ብርጭቆዎች ከበርጩማው ጋር። አፉን ሲከፍት መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ብዙ ጊዜ ቆሞ የተነሣ የፍሪጅ ሞተር ይመስል ነበር። ነገር ግን «የመንደሩን ሁሉ» አለ። «ክብሪቴ አንድ ቀረች» አለ። በየዓመቱ ከወጥ ቤት ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ፍሪጁ አዙሮ ሲሰማው የኖረውን ዘፈን አንድ ቃል ሳይጥል ዘፈነ፤ የግጥሙ ሁለተኛ ቤት ጋ ሲደርስ ግን የእማማን ፊት አየና ቃሉ ሁሉ ጠፋው። መቆም ውርደት ነው፤ መውረድም ውርደት ነው። ስለዚህ ከራሱ አውጥቶ ቀጠለ፦

ሁልጊዜ ከደጅ ነው እኔ የማበራ፣
ዛሬስ አስገቡኝና እንሙቅ በጋራ።

አክስትም እንባዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ መጥቶ «ወይኔ! ይቺን ስንኝ እኮ ረስቻት ነበር!» ብላ ጮኸች። ቤቱ በአንድ አፍ «ክፈቺ፣ ክፈቺ» ብሎ ተቀበለ፤ ታላቅ ወንድም እንኳ ሳይታወቀው የሶፋውን ፕላስቲክ እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። ዘፈኑ ባለቀ ጊዜም እማማ መነጽራቸውን አድርገው ተነሥተው፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሕግ የሆነውን አዋጅ አወጁ፦

«የኔ ሰውዬ አልዋሸም። የሚዋሸው ፊልሙ ነው! ያን ፍላሽ ምናምንህን ንቀልልኝ፤ ካሴቱን አምጡ፤ ከሥሩ እናየዋለን።»

ካሴቱም ገባ። በረዶው እንደገና በረዶ ሆነ፤ የሥጋ ሻጩ ጢም ተመልሶ በቀለ፤ ጡረተኛው ሾፌር በሰላም አንቀላፋ። እንግዳው ጉሮሮው ደርቆ ነበርና ውኃ ሊጠጣ ወጥ ቤት ገባ፤ ፍሪጁንም ከፈተ። መብራት አልነበረውም። ድምፅ አልነበረውም። ከሥሩ ውኃ ይወርዳል፤ የበዓሉ ኬክ ክሬም እንደ ደከመ ሰው ወደ አንድ ጎን ተጋድሟል። ጀግናውም ሮጦ ወጥቶ፣ በዘመኑ ሁሉ አንድ ብቻ የሆነውን አዋጁን እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ፍሪጁ ተበላሽቷል!»

ቤቱ በሳቅ ወደቀ። ሚስቱ ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች፤ ታላቅ ወንድም «ተው እንጂ፣ ዘፍነህ ጨርሰሃል እኮ!» አለው። እንግዳው «በእናቴ! ዘንድሮስ እውነቴን ነው!» እያለ ማለ፤ በማለ ቁጥር ይብስ ሳቁ። እማማም ባለወርቅ ጠርዙን ስኒ ከፊቱ አንሥተው፣ በቦታው ጠርዙ የተሸረፈ ፕላስቲክ ኩባያ አድርገው፣ በሶፋው ላይ ጥግ ያዝ ብለው ቦታ ለቀቁለትና የመጨረሻውን አዋጅ አወጡ፦

«ይበላሽ! ና ቁጭ በል አንተ ልጅ፣ ፊልሙ አላለቀም። ሲያልቅ ደግሞ ሳህኑን የምታጥበው አንተ ነህ፤ እንዳለፈው ዓመት ተጎልተህ እንዳላይህ።»

እነሆ፣ ፈዋሴ ፍሪጅ፣ ድል አድራጊ በርጩማ፣ የሟችን ቃል ከሳፋና ከማስነጠስ ያዳነ፣ በሶፋው ምንጭ ላይ ተጨናንቆ ተቀመጠ፤ ምንጩም ወጋው፤ እርሱ ግን ከዚያ የሚመች ወንበር አይቶ አያውቅም ነበር። ኬኩ ቀለጠ። ሳህኑም ብዙ ነበረ፤ ሁሉንም አጠበ፤ እያጠበም ዘፈነ፤ ከሳሎን «ዝም በል አንተ፣ አደነቆርከን!» ብለው ጮኹበት፤ ከዚህ የሚበልጥ ውዳሴ ለሰው ልጅ አልተጻፈም።