ሃያ ዘጠነኛዋን ቀን አላስገባም ያለው የበረዶ ፋይል

የበረዶ መረጃ አደራጅ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.
ቦታ፦ ኮሎራዶ፣ ከተራራው ግርጌ ባለው የምርምር ጣቢያ
የተገኙ፦ ዶ/ር ኮርዊን ሃግሉንድ (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ላቮን ፕሩዊት (የበረዶ ልኬት የሚመዘገብበትን የኮምፒውተር ፋይል ቅርጽ ያወጡ)፣ አቶ ዴልበርት ሳንዶቫል (የዲስክ ኃላፊ)፣ ሆሊስ ታንጓይ (ተራራው ላይ በረዶ የምትለካ፣ በስልክ)፣ ጸሐፊው (ራሱን ሲያክ እጁን ያወጣ መስሏቸው የተመረጠ)።

ምልዓተ ጉባኤው አቶ ዴልበርት ዶናት ይዞ ሲገባ ተሟልቶ፣ ስብሰባው ከቀኑ 7 ሰዓት ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ ዛሬን ስለማስገባት

ሆሊስ፣ ፋይሉ የዛሬን ልኬት አልቀበልም እንዳላትና በረዶ ሲበዛ መንገድ የሚዘጉት የመንገድ ሠራተኞች የሚያዩት የትናንቱን ቁጥር እንደሆነ አስረዳች። "በረዶው አንድ ሜትር ጨምሯል፤ ከቁልቁለቱ ሊናድ ነው" ብላለች። ወ/ሮ ላቮን ፋይሉ ሲፈጠር 365 ቀን፣ ለፌብሩዋሪም 28 ብቻ ተቆርጦ እንደተሰጠው፣ ጥፋቱም የፋይሉ ሳይሆን 366 ቀን ይዞ የመጣው የዓመቱ እንደሆነ ገለጹ። ሆሊስ የቀኑ ረድፍ ገደቡ ተነስቶለት እንዳስፈላጊነቱ እንዲረዝም ጠየቀች።

ወ/ሮ ላቮን፦ "ዛሬ አንድ ቀን ብንጨምርልሽ፣ ነገ ሌላ ቀን ትያለሽ።"

ሆሊስ፦ "ነገማ ሌላ ቀን ነዋ፣ እትዬ!"

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ዛሬም ፌብሩዋሪ 28 እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ መጭመቅ

አቶ ዴልበርት ዲስኩ ጢም ብሎ እንደሞላ፣ ፋይሉ ቢጨመቅ ግን አንዲት ቁጥር ሳትጠፋ ሩብ እንደሚሆን አስታወቀ። ሰብሳቢው ሲጨመቅ የሚወርደው ጭማቂ የት እንደሚገባ ጠየቁ። ጸሐፊው ቀልድ መሆኑን አጣርቶ፣ አለመሆኑን ተረድቷል።

"ዶክተር፣ ብርቱካን እኮ አይደለም!" አለ አቶ ዴልበርት።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ዜሮዎቹ ብቻ እንዲጨመቁ፣ የሌሎቹ ቁጥሮች ክብር ግን እንዲጠበቅ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ተራራው በረዶ መቀበል እንዲያቆም በደብዳቤ ይጠየቅ አሉ። ተደገፈ። ድምፅ ሲቆጠር ሆሊስ፣ "እናንተ ቁጠሩ፤ እኔ ለመንገድ ሠራተኞቹ ደውዬ መንገዱን አዘግቻለሁ" አለች። ሰብሳቢው የትኛውን መንገድ እንደሆነ እንድትገልጽ አሳሰቡ።

"ወደ ቤታችሁ የሚወስደውን።"

ብዙም ሳይቆይ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። በረዶው ተንዶ መንገዱ ላይ ወርዷል፤ ሰው አልነበረበትም። ወ/ሮ ላቮን፣ "ልጄ ከሥራ የምትመለሰው በዚህ ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ነው" አሉ፤ ወዲያውም ይህ ንግግራቸው በቃለ ጉባኤው እንዳይሰፍር ጠየቁ። እንዳይሰፍርም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

የመጨረሻ ውሳኔ

እስካሁን የተወሰነው በሙሉ ተሽሮ፣ ፋይሉ እንዲጨመቅ፣ ረድፉም እንዲረዝም ወ/ሮ ላቮን ሐሳብ አቅርበው ጸደቀ። ጸሐፊው "በሙሉ" ማለት በሙሉ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ የእናትየውን ቃል አልሰረዘም።

ስብሰባው ከቀኑ 10 ሰዓት ተበተነ። መንገድ ስለሌለ ከወንበሩ የተነሳ የለም።