ጋሽ ሀብቴ ያንኳኩት ወለል

ሰው ሞትን ይፈራል ይባላል እንጂ፣ እኔ እንዳየሁት የሚያስፈራን የቀብሩ ወሬ ነው። ድንኳኑ አፈሰሰ፣ ወንበር አነሰ፣ ንፍሮው ጨው በዛበት ተብሎ እስከ ሙት ዓመት ይወራል። ሟቹ አይሰማም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ በቁሙ የሚጨነቀውም ለዚሁ ነው፤ ኋላ መልስ መስጠት አይችልማ!

እዚህ ቦንጋ የኛ ሰፈር እድር አንዲት አሮጌ ፒካፕ አለችው። አስከሬን ትወስዳለች፣ ድንኳንና ወንበር ታመላልሳለች። ሞተሯ ደህና ነው፤ አካሏን ግን ዝናብ ጨረሰው። ቦንጋን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ በከተማችን እረፍት ወስዶ የማያውቅ ሠራተኛ ቢኖር ዝገት ነው። አንድ ቀን ከቀብር ስንመለስ የኋላ ወለሏ ተሸነቆረና የአግዳሚ ወንበር እግር ሾልኮ አስፋልቱን እየፋቀ መጣ። ጅማ ድረስ ተሂዶ የተጠየቀው ዋጋ ከእድሩ አቅም በላይ ሆነ። ያኔ ሊቀመንበሩ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ጥፋቴ የዶሮ ቤቴን በር በተውሶ ማሽን ራሴ መበየዴ፣ ይባስ ብሎም በየስብሰባው ማውራቴ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

የዶሮ ቤት በር ወፍራም ብረት ነው፤ የመኪና ላሜራ ግን ወረቀት በሉት። ኤሌክትሮዱን ባስነካሁት ቁጥር ሽንብራ የማታሳልፍ የነበረች ቀዳዳ እንቁላል ታሳልፍ ጀመር። «ከአያያዝ ይቀደዳል» ሲባል ስለ ጨርቅ ይመስለኝ ነበር። የፊት መከላከያውን እያነሳሁ የብየዳውን ብርሃን በማየቴም ዓይኔ ላይ የድንች ቁራጭ ደፍቼ ሁለት ቀን ተኛሁ። ስነሳ ብልጥ ሆኜ ተነሳሁ። ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ሞላሁ፣ ሞረድኩ፣ ግራጫ ቀለም ቀባሁ። ኮሚቴው መጥቶ አጨበጨበልኝ። ኮሚቴ መቼም ቀለም ካየ ሌላ አይጠይቅም።

ጋሽ ሀብቴ ግን የኮሚቴ አባል አይደሉም። ሰማንያን ያለፉ፣ ወገባቸው የማይታዘዛቸው ጎረቤቴ ናቸው። በዝግታ መጡና በከዘራቸው ወለሉን ያንኳኩ ጀመር። አንዱ ጋ ጮኸ፣ አንዱ ጋ ታፈነ፣ ሦስተኛው ጋ ከዘራው ሰርጎ ገባ። መዘው አወጡት።

«መምህር፣ በዚች እኮ የምሄደው እኔ ነኝ» አሉኝ።

የምገባበት ጠፋኝ። እውነት ለመናገር እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሲነጋ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ዝገት ከላይ የሳንቲም ያህል ቢመስል ከሥር የሰሃን ያህል ነው፤ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ መቁረጥ ነው እንጂ መሸፈን አያዋጣም። አሮጌ በርሜል ቀድጄ፣ ቀጥቅጬ መጣፊያ አደረግሁ። እንደ ስፌት አንድ ነጥብ እበይዳለሁ፣ ላሜራው እንዳይበሳ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ። ጋሽ ሀብቴ በየቀኑ በርጩማቸውን ይዘው እየመጡ መዳፋቸውን ያስጠጉና «ገና ነው» ይሉኛል። አላፊ አግዳሚው የመጨረሻ መንገዳቸውን ሲያሠሩ አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል።

ያለቀ ዕለት ደግፈን መኪናዋ ላይ አወጣናቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንኳኩ። ሁሉም ጮኸ። ከዚያ ወደ ኮሚቴው ዞሩና እህታቸው ዋጫ ከተማ አልጋ ላይ እንደዋለች፣ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ወገባቸው እንዳልቻለ፣ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ተኝተው መሄድ እንደሚፈልጉ ነገሩን። ለካስ ሲጠብቁ የከረሙት ይህንን ነው! ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በደንቡ መሠረት መኪናው የሚያገለግለው ለሞተ አባል ብቻ መሆኑን አስረዱ።

«እንግዲያው ተራዬን አሁን ስጡኝ» አሉ ጋሽ ሀብቴ። «ስሞት በትከሻችሁ ትወስዱኛላችሁ።»

ኮሚቴው ደንቡን ገልብጦ ቢያይ ተራን አስቀድሞ መውሰድ የሚከለክል አንቀጽ አጣ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ተሸካሚ የምንሆን ስድስት ሰዎች ፈረምንበት።

እኔ ከኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ብየዳዬን እያየሁ ዋጫ ደረስን። ወለሉ ንቅንቅ አላለም። ያላሰብነው ሌላ ነገር ነበር። የእድር መኪና፣ ከኋላው ነጠላ የለበሰ ሰው ተጋድሞ፣ አጠገቡ ፊቱ የጠቆረ መምህር! ሰፈሩ ገና ሲያየን ዋይታውን አቀለጠው። ጋሽ ሀብቴ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉና እጃቸውን አነሱ።

«ቆዩ፣ ገና ነው» አሉ።

እህታቸው ከአልጋዋ ሆና ፊታቸውን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ስለዘገዩ ተቆጣቻቸው። እኔም ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

ያ ከሆነ ይኸው ከረመ። ጋሽ ሀብቴ እህታቸው ዘንድ ሰንብተው ተመልሰዋል፤ የዚያ ቤት ቅቤና ማር ተስማምቷቸው ነው መሰል ወፍረዋል። ቃለ ጉባኤው እንደተፈረመ ነው። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጤናዬን ይጠይቁኛል፤ ከዚያ በከዘራቸው ጫፍ ትከሻዬን ቀስ አድርገው ያንኳኩና፣ ድምፁን ሰምተው ያልፋሉ።