ዝቅ አድርጊው፣ ሸዋዬ

በየሰፈሩ አንድ የቁጣ ሹም አለ። ማንም አልሾመውም፣ ደመወዝም የለውም፤ ከሥራው ግን ቀርቶ አያውቅም። ሰው ሲስቅ ምን ያስቀዋል ይላል፣ ሰው ዝም ሲል ምን ደብቆ ነው ይላል። እናንተም ሰፈር አለ። የለም ካላችሁ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የጣና ዳሩ ሹም ሊቀ ቁጡዓን የኔታ ገድሉ ናቸው። በወጣትነታቸው በሐይቁ ገዳማት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምረዋል፤ አሁን ከሸዋዬ ሱቅ ፊት ለፊት ካለው ዘንባባ ሥር ተቀምጠው በእርሳስ የአላፊ አግዳሚውን መልክ ይሥላሉ። የሚሣለው ሰው ፈገግ ካለ "ጥርስ አልሥልም" ይላሉ። አንዲት ልጅ በስልኳ ያሳመረችውን ፎቶ ብታሳያቸው "እኅትሽ ናት? እሷን አምጪያትና እሥላታለሁ" ብለው መልሰዋታል። አንዳንዱን ሰው ደግሞ በጎን ይሥሉታል። አንድ የቢሮ ኃላፊ እንደዚያ ተሥሎ፣ ሥዕሉን ከወንበሩ በላይ ሰቅሎ ይኮራበታል።

ሸዋዬ ዘፈን ጫኝ ናት፤ በስልክም በፍላሽም ትጭናለች። ኢንተርኔት መጣ ሄደ ማለት ከጀመረ ወዲህ ደንበኛዋ በዝቷል። ስፒከሯ በር ላይ ነው፤ የኔታም በእንደምን አደርሽ ፈንታ ጠዋት ጠዋት "ዝቅ አድርጊው፣ ሸዋዬ" ይሏታል።

ሱቁን የከፈተው ባሏ ቢያዝን ነበር። መኪና በመራዊ መንገድ ላይ ተገልብጦ ገደለው። ሸዋዬ እስከ አርባው ዘግታ ተቀመጠች፤ ከአርባው በኋላ ከፈተች፤ ያን ጊዜ ሰፈሩ ተነሣባት። "ባሏን ቀብራ ዘፈን ከፈተች" አሉ። አሁንም ድረስ ደሟን የሚያፈላው ይሄ ነው። ያንን ያሉት ለቅሶ ቤት ንፍሮዋን እየቆረጠሙ "አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ" ያሏት ናቸው። ልጆቿ ምን ይብሉ? ሐዘን ይብሉ? አለን ካሉት አንዱ እንኳ ቁና ጤፍ ይዞ ደጇን አልረገጠም፤ ዘፈኗን ለመስማት ግን ጆሮው ሁሉ ቀጥ ብሏል።

ከሁሉ የከፉት የኔታ ነበሩ። "ሙት ዓመቱ ሳይወጣ? ዝቅ አድርጊው ሳይሆን ዝጊው!" አሏት በሰው ፊት። ሸዋዬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኳረፉ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ግን ቤት ውስጥ የሚሰቀል መልክ ያስፈልጋት ነበር። የቢያዝን ፎቶ ሞልቷል፤ ሁሉም ላይ ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ የሠርጉም ላይ ሳይቀር። "ዘፈን የሚወድ ሰው መነጽሩን አያወልቅም" ይል ነበር። ያወለቀው ለቀበሌ መታወቂያው ብቻ ነው። ሸዋዬም መታወቂያውን በየኔታ የሥዕል ሰሌዳ ላይ አስቀመጠችና "ለሙት ዓመቱ" ብላ ዞረች። እሳቸውም እሺ ሳይሉ ተቀበሉ።

ሥዕሉ ሲደርስ በጎን የተሣለ ሆነ። አፍንጫው የእሱው ነበርና ደስ ብሏት ሱቋ ውስጥ ሰቀለችው። ከዚያ በማግሥቱ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል በትንሿ ሬዲዮናቸው መዝሙር ሊያስጭኑ መጡ። ቀና ብለው አዩና አማተቡ።

"ልጄ፣ ይሄ ሰው ምን በድሎ ነው?"

"ባሌ ነው፣ እማሆይ። ምንም አልበደለም።"

"ታዲያ ለምን ጌታን ከሰቀሉት ጋር ተደመረ? የገዳሙን ግድግዳ አላየሽም? የጻድቅ ሁለቱም ዓይኑ ይሣላል። በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ሰው ነው።"

ሸዋዬ ሥዕሉን ከግድግዳው መንጭቃ ወጣች። "የኔታ፣ ጠብዎ ከእኔ ጋር ነው። እሱ ምን አደረገዎት? መሞቱ አንሶት ነው?"

የኔታ ከዳዊታቸው ማኅደር መታወቂያውን አወጡና ሰጧት። "ቀኝ ዓይኑን አሳዪኝ" አሏት።

በቀኝ ዓይኑ ላይ የቀበሌው ወይን ጠጅ ማኅተም ተመቶበታል። ዓይን የለም፤ ማኅተም ብቻ ነው።

"ግራውን አይተው አይሥሉትም ነበር?"

"ዓይን ካይን አይገለበጥም። ያላየሁትን ሥዬ በስተርጅና ልዋሽ? ያየሁትን ሣልሁ።"

"ታዲያ አይጠይቁኝም?"

"ብጠይቅሽ ትመልሽልኝ ነበር?"

"አልመልስልዎትም ነበር።"

"እንግዲያ።"

ዓመት ሙሉ ያን መታወቂያ ከትራሷ ሥር አድርጋ ተኝታለች፤ ማኅተሙን አንድም ቀን አላየችውም። እሷ የምታየው ቢያዝንን ነበር።

የኔታ አዲስ ወረቀት ዘረጉ። "ንገሪኝ።" ሸዋዬ ጀመረች፤ ትልቅ ነው አለች፣ ጠይም ነው አለች፤ የማንም ዓይን ሆነባት። መርሳት መጀመሯ ሲገባት በራሷ ተናደደች። ሮጣ ገባችና ቢያዝን ሱቁን በከፈተ ቁጥር የሚያስቀድመውን ዘፈን ከፈተችው።

"እዚህ ጋ" አለች፣ ዘፋኙ ድምፁን ሲያወጣው። "እዚህ ሲደርስ አብሮ ይዘፍናል፤ ቀኝ ዓይኑ ሎሚ እንደቀመሰ ሰው ይጠባል፣ ቅንድቡ ግን ይነሣል።"

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ መሮጥ ጀመረ። የኔታ ቀና ሳይሉ "ከፍ አድርጊው፣ ሸዋዬ" አሏት።

ንፍሮ ከበሉት አንዷ ጎረቤቷ ውዴ ስታልፍ ቆም አለችና "ገና ሙት ዓመቱ እንኳ ሳይደርስ!" አለች።

"ውዴ፣" አሉ የኔታ፣ "ነይ ተቀመጪ። አንቺን በጎን እሥልሻለሁ።"

እማሆይ ገና አልሄዱም ነበር፤ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ለሙት ዓመቱ የቢያዝን እኅት ከመራዊ መጣች። ሥዕሉ ፊት ቆመችና፣ ከማልቀሷ በፊት "ሊዘፍን ነው እኮ" አለች።

በማግሥቱ የኔታ ከዘንባባው ሥር ተቀምጠው "ዝቅ አድርጊው፣ ሸዋዬ" አሉ፤ እሷም አላደረገችም። እስከ ዛሬ እንዲሁ ናቸው። ጠዋት ቁጣቸው ከዘገየባት ግን አሟቸው ይሆን ብላ ልቧ ይሰጋል። ያን ጊዜ ስፒከሩን ትንሽ ከፍ ታደርግና እስኪቆጧት ትጠብቃለች።