ወደ ውስጥ የተባለው አዎ

የሰው ልጅ ድምፅ ማፈኛን ከፈለሰፈ ወዲህ ካጋጠሙት ፈተናዎች ሁሉ የከበደው፣ ማፈኛውን ከጠመንጃ አፈሙዝ ጋር የሚያያይዘው መግጠሚያ የትኛው ይሁን የሚለው ነው። ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ጦርነትና ሰላም፣ የቤት ኪራይ፣ በፔታህ ቲክቫ መኪና ማቆሚያ መፈለግ፣ እነዚህ አንድ ቀን መፍትሔ ይገኝላቸው ይሆናል። የመግጠሚያው ጉዳይ ግን ኮሚቴ ይፈልጋል። ኪርያት አርዬ ውስጥ የሚገኝ፣ ስሙን ለክብሩ ስንል የማንጠራው አንድ ፋብሪካም ይህን ታሪካዊ ኃላፊነት ተሸክሞ ኮሚቴ አቋቋመ። ድምፅ ለማፈን የቆመ ቤት ድምፅ የሚሰጥበት ኮሚቴ ማቋቋሙ፣ ምን ያህል ሰፊ ልብ እንዳለው ያሳያል።

ከአራቱ የኮሚቴው አባላት አንዱ ካሳው ነበር። ካሳው የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ነው፤ በልጅነቱ ከጎንደር መጥቶ የጉልምስና ዕድሜውን ያሳለፈው እዚያው ፋብሪካ፣ ማሽኖቹ መካከል ነው። እዚያ ጩኸቱ ሰው ስለማያነጋግር፣ ደግ የሆነውን ዕቃ አውራ ጣቱን ወደ ላይ፣ ክፉውን ወደ ታች እያደረገ ከሁሉም ጋር በሰላም ተግባብቶ ኖሯል። ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል ከአለቆች ጋር ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው።

በዚያ ሰሞን የምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ በአገሩ ዕብራይስጥ አጠራር የሰማንካሉ፣ ወንበር ባዶ ነበር። ካሳው ይህን ወንበር ይመኘዋል። በልቡ ብቻ ተመኝቶት ቢሆን ደግ፤ ባለቤቱ ዘነበወርቅ ግን ሮሽ ሃዓይን በተደረገ ሠርግ ላይ፣ ዘመድ አዝማዱ በተሰበሰበበት፣ ባሏ ሰማንካል መሆኑን አብሥራ አረፈችው።

«ገና አልሆንኩም እኮ» አላት ሲመለሱ፣ መኪና ውስጥ።

«ትሆናለህ። ምን አስቸኮለህ?»

«የቸኮልሽውስ አንቺ ነሽ። አጎትሽ ሳይቀሩ ከተቀመጡበት ተነሥተው ስመውኛል።»

«እንግዲያው ሽማግሌውን አታሳፍራቸው።»

ነገሩ በዚህ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ካሳው ወንበሩን ካላገኘ፣ የሚቀርበት ሹመት ብቻ አይደለም፤ በየሠርጉና በየለቅሶው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። ፈርቶ ነበር፤ ከልቡ ፈርቶ ነበር። ስለዚህም ብልህ ሰው እንደሚያደርገው፣ በኮሚቴው ውስጥ ማንም ምንም ቢናገር ለመስማማት ቆርጦ ገባ። በእሱ ስሌት ሰማንካል የሚሆነው ማንንም ያላስቀየመ ሰው ነው።

የመጀመሪያውን ስብሰባ ሥራ አስኪያጁ ዮታም በንግግር ከፈተው።

«ዛሬ የምንመርጠው መግጠሚያ አይደለም» አለ። «የምንመርጠው ራእይ ነው። ማፈኛ ያለ መግጠሚያ ቧንቧ ነው። ፋብሪካ ያለ ራእይም ቧንቧ ነው።»

ቧንቧ አለመሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ መሐንዲሷ ሊታል ተነሣች። የእሷ መግጠሚያ አፈሙዙ ላይ ተገፍቶ ጠቅ ብሎ የሚቆለፍ ነው። ሥዕሉን ዘርግታ፣ ጥቅሙን ዘርዝራ፣ «ጠቅ ይላል፣ አለቀ» ብላ ስትቀመጥ ካሳው እንደ ሥርዓቱ ተስማማ።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያውቀውን ነገር ማስታወስ ግድ ይላል። የአገራችን ሰው ከልቡ ሲስማማ አዎን ወደ ውጭ አያወጣውም፤ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ቅንድቡን ከፍ፣ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየሩን በአጭሩ «ህእ» ብሎ ይምገዋል። ከዚህ የበለጠ ስምምነት የለም። ካሳውም ሹመት የሚፈልግ ሰው በሚስብበት ኃይል ሳበ።

የሊታል ፊት አመድ መሰለ። የሽያጭ ኃላፊው አሎን እርሳሱን ጣለ። ዮታም ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ሦስቱም ያዩት አንድ ነገር ነው፤ ዕድሜውን በጥራት ቁጥጥር የፈጀ ሰው ሥዕሉን አይቶ በድንጋጤ ትንፋሹ ቀጥ ሲል።

ምን እንዳስደነገጠው የጠየቀ የለም። ምን አየህ ብሎ መጠየቅ፣ እኔ አላየሁም ብሎ መመስከር ነው፤ በዚያ ክፍል ደግሞ እንዲህ ያለ ምስክርነት ለመስጠት የተቀጠረ ሰው አልነበረም።

«ልክ ነው» አለች ሊታል ሥዕሉን እያጠፈች። «ያቺ ነገር ለእኔም ታይታኝ ነበር። ቁልፉ ሊከፈት ይችላል።»

«በግልጽ ይታያል» አለ ዮታም፣ ምንም ያልታየው።

አሎን የድል ፈገግታውን ዋጥ አድርጎ የራሱን አቀረበ። የእሱ መግጠሚያ እንደማንኛውም ብሎን እየተሽከረከረ የሚገባ ነው። አያት ቅድመ አያት የሚያውቀው፣ የማያስቸግር፣ ቀላል። ካሳው አዳልቷል እንዳይባል፣ ለአሎን ደግሞ ካለፈው አስበልጦ ሳበለት።

«ህእ።»

«እሱን ልመጣበት ነበር» አለ አሎን ላቡን እየጠረገ። «ብሎን ይላላል። ይህ የታወቀ ነው። እኔ ያቀረብኩት ለውይይት ያህል ነው።»

ዮታም ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። «በሰደር፣ ይሁን። ቁልፉም አደጋ አለው፣ ብሎኑም አደጋ አለው። ስለዚህ ሁለቱንም እንጠቀም።» ሁለት አደጋ ሲደመር ደኅንነት እንደሚሆን በዚያ ቀን ታወቀ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ብሎንም ቁልፍም ያለው መግጠሚያ ቀረበ። ካሳው ተስማማ፤ ደነገጡ፤ ቀለበት ጨመሩ። ቀለበት ያለው ቀረበ፤ ካሳው ተስማማ፤ ደነገጡ፤ ለቀለበቱ መያዣ ጨመሩ። ካሳው ነገሩ ገርሞታል። እሱ በተስማማ ቁጥር ሰዎቹ ሥራቸውን አፍርሰው እንደገና ይሠራሉ። እንዴት ያሉ ጥንቁቅ ሰዎች ናቸው ብሎ አደነቃቸው፤ ጥንቃቄያቸውን ለማበረታታትም አጥብቆ ይስብ ነበር።

አንድ ምሽት ክፋር ጋኒም፣ እቤቱ፣ እራት ላይ ይህንኑ ለቤተሰቡ ሲያወጋ ዘነበወርቅ ወጥ ልትጨምርለት ጭልፋውን አነሣች።

«ልጨምርልህ?»

«ህእ» አለ ካሳው።

ከጦር ሠራዊት በቅርብ የተመለሰችው ልጁ ኦዴያ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችው።

«አባ፣ እነሱንም እንዲህ ነው የምትላቸው?»

«ታዲያ እንዴት ልበላቸው?»

«ሎ ኖርማሊ፣ የጤና አይደለም። አባ፣ እነሱ እኮ የደነገጥክ ነው የሚመስላቸው። እኔ በጻቫ፣ ወታደር ቤት፣ መጀመሪያ ሰሞን መፋቀዴቴን፣ አዛዤን፣ ህእ ብያት፣ አስም አለባት ብላ አካሚውን ሆቬሽ ጠራችብኝ። ልጁ በሩጫ መጥቶ ደረቴን ሲያዳምጥ ዋለ።»

«ምን ብለሽው ለቀቀሽ?»

«ኬን፣ አዎ፣ አልኩት። በአፌ።»

ካሳው ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረ። እስከዚያ ቀን ያወጣቸው አዎዎች ሁሉ በአየር ላይ ተገልብጠው አይሆንም ሆነዋል ማለት ነው። ሁሉን ላስደስት ብሎ ገብቶ ሁሉን ሲቃወም ከርሟል። ወንበሩ በዓይኑ ፊት እግር አውጥቶ ሄደ።

«ነገ ጠዋት ዮታም ጋ ገብተህ እውነቱን ንገረው» አለች ዘነበወርቅ። «ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል።»

በማግስቱ ጠዋት ካሳው እውነቱን ሊናገር ዮታም ቢሮ ገባ። ይህን ለክብሩ እንመዝግብለት። ዮታም ግን ቀደመው።

«ተቀመጥ ካሳው። እኔው ልጠራህ ነበር። እዚህ ቤት ሁሉም ለእኔ አዎ ይለኛል። አዎ፣ አዎ፣ አዎ። ደክሞኛል። ፊት ለፊት የሚቃወመኝ አንተ ብቻ ነህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለሰማንካልነት የማስበው አንተን ነው። ለገዢዎች የምናሳይበት ቀን ይለፍና እናውጀዋለን። አንተስ፣ ምን ልትለኝ ነበር?»

የካሳው አፍ ተከፍቶ ነበር። እውነቱም ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ከዚያ የዘነበወርቅ አጎት ትዝ አሉት።

«ምንም» አለ። «እንዴት አደርክ ልልህ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሳው እያወቀ ደነገጠ። በየስብሰባው ከመሃል ላይ አንድ ጊዜ፣ ከመዝጊያው በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ «ህእ» ይላል፤ እንደ ባለሙያ፣ ሳያበዛ። መግጠሚያው ሦስት ቀለበት፣ ሁለት መያዣና አንድ ምላስ የመሰለ ነገር አወጣ። ገዢዎቹ ከዚህ አይረዝምም ያሉት ልክ ስላለ፣ መግጠሚያው በረዘመ ቁጥር ከማፈኛው ይቆረጣል። በመጨረሻ መግጠሚያው የክንድ ያህል ሆነ፤ ማፈኛው የጠርሙስ ክዳን አከለ። ሊታል ማፈኛው ብዙ የሚያፍን አይመስለኝም ስትል፣ ዮታም ኮሚቴው የተቋቋመው ለመግጠሚያ እንጂ ለማፈኛ አለመሆኑን አስታውሶ መለሳት።

ለገዢዎቹ ከሚታይበት ቀን በፊት በዋዜማው ፋብሪካው ሠራተኞቹን አንድ ላይ ሰብስቦ የባህል መግባባት ሥልጠና ሰጠ። አሠልጣኟ ሜይታል የምትባል፣ ጎንደርን አንድ ሳምንት ጎብኝታ ነጠላ ለብሳ የተመለሰች ሊቅ ነበረች። ካሳው በዚያ ሰዓት የባዕድ አገር ገዢዎችን ሊቀበል ወጥቶ ነበር። ሜይታል ብዙ አስተማረች፤ ከሁሉ በላይ ግን ኢትዮጵያውያን አየር ወደ ውስጥ ሲስቡ አዎ ማለታቸው እንደሆነ ገለጸች። ሊታል ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር። ያቺ ጠቅ የምትል መግጠሚያዋ ያለ ጥፋቷ እንደ ተቀበረች ገባት። እውቀቷን ግን ለማንም አላካፈለችም፤ በሰው ፊት ልታፈነዳው አስቀመጠችው።

ቀኑ ደረሰ። ምድር ቤት ባለው መተኮሻ ክፍል እንግዶቹ በመደዳ ቆሙ። ዮታም እጁን ዘረጋ።

«ክቡራን እንግዶች፣ ሌላ ቦታ የጆሮ መከላከያ አጥልቁ ይሏችኋል። እኛ ግን አውልቁ እንላለን። ዝምታችንን በባዶ ጆሮ ስሙልን።»

ሁሉም አወለቀ። ካሳው ብቻ ከማሽኖቹ ጎን ባመጣው ልማድ የራሱን እንዳጠለቀ ቀረ። ተኳሹ ጠመንጃውን አነሣ። በዚያች ቅጽበት ካሳው፣ መቼም ዓይኑ የጥራት ቁጥጥር ዓይን ነውና፣ ሦስተኛው ቀለበት አለመዘጋቱን አየ። ያ ቀለበት እሱ ራሱ በውሸት ደንግጦ ያስጨመረው ነው። አሁን በእውነት ደነገጠ። ተው ሊል ፈለገ፤ ቃል ግን እምቢ አለው። የወጣው፣ ይልቅስ የገባው፣ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ህእ።»

ተኳሹ ጣቱን ከምላጩ አነሣ። ዮታም ዞረ። ሊታል አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጥታ ፈገግ አለች።

«አትጨነቁ» አለች። «ይህ በባህላቸው አዎ ማለት ነው። ጥልቅ ስምምነት ነው። ያላ፣ በል ተኩስ።»

ተኮሰ። ኪርያት አርዬ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ባቡር ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች መጠለያ ፍለጋ ሮጡ። ማፈኛው ተወርውሮ የአሸዋው ግድግዳ ውስጥ ተቀበረ። መግጠሚያው ግን፣ እውነቱ ይነገርና፣ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የተጎዳ ሰው የለም፤ የሚሰማም ሰው የለም። ሁሉም ጆሮውን ይዞ ቆመ።

ጢሱ መሃል ዮታም ወደ ካሳው ዞሮ፣ ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀው።

«ካሳው፣ ስለ መግጠሚያው አንተ ምን ታስባለህ?»

የጆሮ መከላከያውን አሁን ያወለቀው ካሳው በደንብ ሰማው። ከዚህ በላይ መሸከምም አልቻለም። ሁሉንም ተናገረ። የአሎን ተራ ብሎን ከመጀመሪያው በቂ እንደነበር፣ የሊታልም ምንም እንዳልጎደላት፣ ህእ ማለቱ አዎ እንደነበር፣ ኋላ ግን ለወንበር ሲል ውሸት እንደሆነ፣ ዛሬ ደግሞ ሰው ይሞታል ብሎ እንደፈራ፤ ዕብራይስጡ ሲያጥረው በአማርኛ፣ እንባው እየመጣ፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ሲጨርስ እንደ ላባ ቀለለው። ከሥራ እንደሚባረር ያውቃል፤ ግድም አልነበረውም።

ሦስቱ አለቆች የሚንቀሳቀስ አፉን በአክብሮት እያዩ ቆዩ። ጆሯቸው ውስጥ ከጩኸት በቀር ምንም የለም። አልሰማሁም ማለት ደግሞ በዚያ ቤት አልተለመደም። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህ ነው ሰማንካል» ብሎ ዮታም፣ ጆሮው የደነቆረ ሰው እንደሚጮኸው ጮኸ። «ይህን ያህል ተናግሮ፣ አንድ ሰው እንኳ አላስቀየመም።»

እንግዶቹም አጨበጨቡ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጆሮ ሁሉ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ዮታም የአዲሱን ሰማንካል ቢሮ አንኳኳ። ካሳው እጁን ማሳረፊያ ያለው ሰፊ ወንበር ላይ ነበር። ሮሽ ሃዓይን እንኳን ደስ ያለህ ብላ ጨርሳለች፤ አጎትየው ሁለተኛ ሊስሙት ሰንበትን እየጠበቁ ነው።

«ያን ቀን ብዙ ተናገርክ» አለ ዮታም። «ጥሩ ነገር ነበር። መቼም ሁሉን እንደ ሰማሁ ነው፤ እስኪ ለማንኛውም ድገምልኝ።»

ካሳው ተመለከተው። አየር ወደ ውስጥ አልሳበም። በጠራ ዕብራይስጥ፣ ወደ ውጭ ተናገረ።

«አንተ ልክ ነህ ነው ያልኩት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ኮሚቴው ዛሬም ይሰበሰባል፤ ከአፍ ላይ ንቅንቅ የማይል መግጠሚያ ይፈልጋል። ሰብሳቢው ካሳው ወንበር ብሎ ተቀምጦበታል።