ሆደ ቡቡ ፊት የቀረብኩ ዕለት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሰው ቃል መፈለጉን ትቶ ቃል ሰው ይፈልግ ነበር። ቃላቱ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት በር ላይ ወረፋ ይዘው ተሰልፈዋል። "ትሕትና" ሰልፉን ጥሳ ልትገባ ስትል በክርን ተደቁሳ ተመለሰች።

በሩ ላይ ጥበቃውን የፈተሽኩት እኔ ነኝ።

"እህቴ፣ የኋላ ኪሴንም እዪ እንጂ! እንዲህ ነው ሥራ?" ብሎ ተቆጣኝ።

ውስጥ "ሆደ ቡቡ" የሚባለው ቅጽል ዳኛ ሆኖ ተሰይሟል። እኔ ደቃቃ አልቃሻ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ግን ትከሻው በር የማያስገባው ጎረምሳ ነው። እየሳቀ እንባውን በክራቫቱ ይጠርጋል። ፊት ለፊቱ የሰው መዝገብ ተዘርግቷል።

"እታፈራሁ" አለ ስሜን በጣቱ ፈልጎ፣ "'ሆደ ቡቡ ማለት ልፍስፍስ ማለት ነው' እያልሽ በየሰፈሩ ታሚኛለሽ አሉ።"

"ታዲያ ምን ማለት ነው?"

"ደስ ሲለውም እንባ የሚቀድመው፤ የተደረገለትን የማይረሳ። ለመሆኑ አንቺን ማን አስተማረሽ?"

"ማንም! ራሴን በራሴ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የተማርኳቸው ቃላት በሙሉ ሻንጣቸውን አንስተው ቆሙ።

"የተማርሽበትን መዝገበ ቃላት ያዋሰሽ ጎረቤትሽ ጋሽ ተካልኝ ነው" አለ ሆደ ቡቡ። " ስድስት ዓመት ሙሉ 'መልሺልኝ' ብሎሽ አያውቅም። አንድ ቀን አመስግነሽዋል? ዛሬ ካላመሰገንሽው እነዚህ ሁሉ ጥለውሽ ይሄዳሉ።"

"ቢሮክራሲ" ወጣ። ይውጣ፣ ምን ገዶኝ! "ጎሕ" ወጣች፤ ከፋኝ። "ግን" ሲወጣ መከራከር አቃተኝ። በመጨረሻ "አመሰግናለሁ" የበሩን እጀታ ያዘ። ተጠቅሜበት ስለማላውቅ ገና ከነላስቲኩ ነው። ኮቱን ጨምድጄ ያዝኩት።

"ጋሼ! አመሰግናለሁ! ፊደል ቆጥሬ እንደ ሰው ያወራሁት በእርስዎ ነው! አመሰግናለሁ፣ ጋሼ!"

እየሳቅኩ አለቀስኩ። ደጋግሜ ጮህኩ። የወጡት ቃላት እየተጋፉ ሲመለሱ ነቃሁ።

ገና አልነጋም። ቤታችንን ከሚለየው ስስ ግድግዳ ወዲያ ጋሽ ተካልኝ ንፍጣቸውን ሳብ አደረጉ።

"ምንም አይደል፣ ልጄ! ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ስታመሰግኚኝ ሆዴ ባብቶ አልቅሼ ጨርሻለሁ። አሁን በፈጠረሽ፣ አስተኚኝ!"