የአሰልጣኙ አፈር

[ጠባብ በረንዳ። ሁለት የእንጨት ሳጥን፣ ጥግ ላይ የተከመረ ጥቁር ብስባሽ፣ አንድ የአሸዋ ወንፊት። አሰልጣኙ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ችግኝ አፈር ያስተማረ ሰው ነው፤ አንድም ቀን ግን ጥፍሩ ውስጥ አፈር ገብቶ አያውቅም። ለሳኙ የእህቱ ባል ነው፤ ግድግዳ ይለስናል። ቀስ ብሎ ስለሚናገር ቤተሰቡ ሁሉ ቀስ ብሎ የሚያስብ ይመስለዋል። ዛሬ የተጠራውም ለምክር ሳይሆን ለሸክም ነው።]

አሰልጣኝ፦ ማዳበሪያ ነው ያልኩህ! ማ-ዳ-በ-ሪ-ያ!

ለሳኝ፦ (ባዶ ጆንያ ዘርግቶ ይዞ) ይኸው ማዳበሪያ፣ ጋሼ።

አሰልጣኝ፦ ይሄ ጆንያ ነው!

ለሳኝ፦ እኛ ሥራ ቦታ ማዳበሪያ ነው የምንለው። አሸዋ እንሸከምበታለን።

አሰልጣኝ፦ ውስጡ የሚገባውን ነው የምልህ!

ለሳኝ፦ (አንገቱን ጆንያው ውስጥ አስገብቶ) ውስጡ ምንም የለም።

አሰልጣኝ፦ ኧረ አምላኬ፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ! ያንን ጥግ ላይ የተከመረውን ብስባሽ! ኮምፖስቱን! ሳጥኑን ጢም አድርገህ ሙላልኝ።

ለሳኝ፦ እሱ እኮ ያጨሳል፣ ጋሼ።

አሰልጣኝ፦ ምን? ሲጋራ?

ለሳኝ፦ እጄን ከትቼ አየሁት፤ ያቃጥላል። ሽታውም ዓይን ያስለቅሳል።

አሰልጣኝ፦ ኃይል ነው እሱ! ኃይል ያለው ነገር ይሸታል።

ለሳኝ፦ እንደዚያ ከሆነማ የእኔ ካልሲ ኃያል መንግሥት ነው።

አሰልጣኝ፦ አትቀልድ! ልክ በሃያ ቀኑ ኮሚቴው ይመጣል። ዋና አሰልጣኝ ሊያደርጉኝ ነው። በረንዳዬ በቲማቲም ችግኝ ተሞልቷል ብዬ ተናግሬአለሁ።

ለሳኝ፦ (በረንዳውን ግራ ቀኝ እያየ) የትኛው በረንዳ?

አሰልጣኝ፦ ይሞላል አልኩህ!

ለሳኝ፦ ሁለቴ ዘርተው አልበቀለም አይደል እንዴ?

አሰልጣኝ፦ ዘሩ ነው ሰነፉ፤ እኔ ምን ላድርግ? ይህች የመጨረሻዋ እሽግ ናት። በል እንካ፣ ዘር ቁጠር።

ለሳኝ፦ (ደንገጥ ብሎ) ጋሼ፣ ዘር መቁጠሩ ይቅርብን። ተከባብረን ብንኖር ይሻላል።

አሰልጣኝ፦ የቲማቲሙን!

ለሳኝ፦ እ... (በጣቱ እየገፋ) ሠላሳ።

አሰልጣኝ፦ ሠላሳውንም እዚያ ብስባሽ ላይ እንዘራለን።

ለሳኝ፦ ይከብደዋል ብዬ ነው እንጂ...

አሰልጣኝ፦ ተሸካሚው አንተ፤ ዘሩን ምን ይከብደዋል?

ለሳኝ፦ ምግቡ በዛበት ማለቴ ነው። አራስ ሕፃን ላይ ሙሉ ድግስ ቢደፉበት ይታፈናል እንጂ አይወፍርም።

አሰልጣኝ፦ እዩልኝማ! ግድግዳ ሲመርግ የዋለ ሰው ዛሬ ለእኔ ስለ አፈር ሊያስረዳኝ! ይሄንን የት አባትህ ተማርከው?

ለሳኝ፦ ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ።

አሰልጣኝ፦ እሱን ነው የምልህ። ደግሞ ምንድን ነው የምትነፋው?

ለሳኝ፦ (በአሸዋ ወንፊቱ እየነፋ) ከክምሩ ሥር ያለውን ነዋ። እሱ ዓመት አልፎታል፤ በርዷል። ሽታውም ዝናብ የነካው መሬት ነው። ትንሽ አሸዋ ጣል ሳደርግበት ላላ ይላል። ይኸው፣ ሲጨብጡት ቅርጽ ይይዛል፤ ውኃ አያንጠባጥብም፤ በጣት ነካ ሲያደርጉት ደግሞ ፍርስ ይላል።

አሰልጣኝ፦ ልትዘራ ነው ወይስ ልትለስን?

ለሳኝ፦ ልስን ቢሆንማ ፍርስ ማለቱን ለአሠሪዬ አልናገርም ነበር።

አሰልጣኝ፦ ቆይ፣ ቆይ! ሳጥኑን በሳኸው እኮ!

ለሳኝ፦ ውኃው መውጫ ይኑረው ብዬ ነው።

አሰልጣኝ፦ አጠጥተነው ሊወጣ ነው? ታዲያ ለምን እናጠጣዋለን?

ለሳኝ፦ ጋሼ፣ እርስዎስ ጠዋት የጠጡትን ሻይ እስካሁን ይዘውታል?

[አሰልጣኙ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በዚያ በረንዳ ላይ የታየው የመጀመሪያው ቀይ ነገር እሱ ነው።]

አሰልጣኝ፦ እሺ! አላዋቂነትህን በማስረጃ አሳይሃለሁ። አሥሩን ዘር ውሰድ፤ በነፋኸው አፈር ላይ ዝራው። ሃያው የእኔ ነው። ማን አፈር እንደሚበላ በሃያ ቀኑ እንተያያለን።

ለሳኝ፦ አፈር መብላቱንስ ለቲማቲሙ ብንተውለት ይሻል ነበር።

[ሃያው ቀን ደረሰ። ለሳኙ ከሥራ ሲመለስ በየማታው ብቅ እያለ የራሱ ሳጥን ላይ በእጁ ውኃ ረጨት ረጨት ሲያደርግ ከርሟል፤ አሰልጣኙ ደግሞ እንዳያየው ፊቱን ያዞር ነበር። ኮሚቴው ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል።]

አሰልጣኝ፦ (በደስታ እየጮኸ) ና! ና እንጂ! ተመልከት ሳጥኔን! አረንጓዴ በአረንጓዴ!

ለሳኝ፦ (ጎንበስ ብሎ) ጋሼ፣ በመስመር አልነበረም እንዴ የዘሩት?

አሰልጣኝ፦ በማስመሪያ ለክቼ!

ለሳኝ፦ ይሄ ግን እንዳሻው ነው የበቀለው።

አሰልጣኝ፦ ነፃነት ሰጥቼው ነው።

ለሳኝ፦ አረም ነው፣ ጋሼ። ከብስባሹ ጋር የመጣ ሣር።

አሰልጣኝ፦ እርግጠኛ ነህ?

ለሳኝ፦ የጎረቤት በግ በአጥሩ ቀዳዳ እያየችው ምራቋን ስትውጥ ነው ያገኘኋት። ከእርስዎም ከእኔም እሷ ታውቃለች።

[የአሰልጣኙ ዓይን ሳይወድ በግድ ወደ ሌላው ሳጥን ዞረ። ዘጠኝ ችግኝ፣ ግንዳቸው ወፈር ያለ፣ እንደ ተማሪ ተሰልፈው ቆመዋል። አንዷ ዘር ብቻ ሳትበቅል ቀርታለች።]

አሰልጣኝ፦ ወንድምዬ... የእህቴ ባል... አፈር ስሆንልህ...

ለሳኝ፦ የሚያጨሰውን ከሆነ ይቅርብዎ።

አሰልጣኝ፦ አታሹፍብኝ! ሰዎቹ ሊመጡ ነው! ያንን ሳጥን የእኔ ነው ልበል?

ለሳኝ፦ በረንዳው የእርስዎ፣ ዘሩ የእርስዎ፤ ይበሉ። ግን እንዴት አበቀልከው ቢሉዎትስ?

አሰልጣኝ፦ (ደብተርና እስክሪብቶ እየመዘዘ) ንገረኝ። ቀስ ብለህ። አንተ መቼም ቀስ ማለት ታውቅበታለህ።

ለሳኝ፦ ለዘር፣ ደቃቅና ቀለል ያለ፣ ምግቡ ያልበዛ አፈር።

አሰልጣኝ፦ (እየጻፈ) ያል... በዛ።

ለሳኝ፦ ችግኙ አራት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ሰፊ ዕቃ ይዛወራል፤ ብርቱውን ብስባሽ የሚፈልገው ያኔ ነው። ያውም በደንብ የበሰበሰውን፤ ያልበረደ ብስባሽ ሥር ይጠብሳል።

አሰልጣኝ፦ «ሥር ይጠብሳል!» እንዴት ያለ አነጋገር ነው!

ለሳኝ፦ የጓሮ አፈርም ብቻውን ዕቃ ውስጥ አይሆንም፤ ይጠቀጠቅና እንደ ጡብ ይደርቃል።

አሰልጣኝ፦ «እንደ ጡብ!» ይህቺማ ያንተ ናት፤ የግንባታ ሰው ነገር።

ለሳኝ፦ ኧረ የእኔ አይደለችም።

አሰልጣኝ፦ የማንም ትሁን፤ በሚቀጥለው ስልጠናዬ ላይ አስገባታለሁ።

ለሳኝ፦ አለችበት እኮ።

አሰልጣኝ፦ ምን ላይ?

ለሳኝ፦ እርስዎ ስልጠና ላይ። ሁሉም አለበት። አምና አዳራሹን ከውጭ ስንለስን፣ መስኮቱ ክፍት ስለነበረ ሰማሁት። ሦስት ቀን፣ ሦስት ዙር።

አሰልጣኝ፦ ሦስት ዙር አስተምሬ አንድ ሰልጣኝ እንኳ እንዲህ ሲመልስልኝ አልሰማሁም!

ለሳኝ፦ እነሱ እንቅልፍ ላይ ነበሩ። እኔ ጣውላ ላይ ነበርኩ፤ እዚያ ላይ ያንቀላፋ ይወድቃል።

[በሩ ተንኳኳ። አሰልጣኙ አልተነሳም። የራሱን ትምህርት የጻፈበትን ደብተር አፍጥጦ ያያል።]

አሰልጣኝ፦ ቆይ... እኔም እኮ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። እኔ እንዴት አልሰማሁትም?

ለሳኝ፦ (በሩን ሊከፍት እየሄደ) እርስዎማ በምን ጊዜዎ ይስሙ፣ ጋሼ? እያስተማሩ ነበራ።