የአባ ዲጋ ዶሮ ቤት

«መምህር፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ለዛሬ ከሰዓት ብቻ ዶሮ ሁንልኝ» አሉኝ አከራዬ አባ ዲጋ፣ ከጎረቤት የተዋሷትን ቀይ ዶሮ እያስታቀፉኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ «እሺ» አልኩ። በዚያ ዘመን ሰው ያልሆነው ነገር አልነበረም፤ ዶሮ መሆን ከሁሉም ቀላሉ ነው።

ነገሩ የመጣው ከመጽሐፍ ነው። ታደለ የሚባል የኮሌጅ ባልደረባዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰፈራችንን ሄርማታን ቤት ለቤት ዞሮ ስለ ሰፈሩ አኗኗር ጻፈ። ስለ ከተማ ሰው ኑሮ ለተጻፈ ምርጥ የጥናት መጽሐፍ በየዓመቱ ሽልማት ይሰጣል፤ የታደለ መጽሐፍ ለመጨረሻው ዙር ደረሰ። ታደለ ጎበዝ ነው፣ ትሑትም ነው፤ አንድ ጥፋት ብቻ ሠራ። የቀበሌ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ ዞረ። ትርፍ ቤት ከተወረሰ፣ ማከራየትም ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሄርማታ ማኅተም ካየ ከማኅተሙ በላይ ያለውን አያነብም።

«ስንት ቤት አለዎት?» ይላል ታደለ።

«አንድ።»

«ተከራይስ?»

«አስተግፊሩላህ!»

«ጓሮ ያለችው ቤትስ?» «የዶሮ።»

እናም ምዕራፍ ሦስት እንዲህ ብሎ ጀመረ፦ «በሄርማታ ተከራይ የለም፤ የዶሮ እርባታ ግን እጅግ ተስፋፍቷል።» ታደለ ረቂቁን እንዳርምለት ሰጥቶኝ ይህን ያነበብኩት እዚያው የዶሮ በተባለችው ክፍሌ ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው። አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨምሬ መለስኩለት። ምን ላድርግ? እውነቱን ብናገር አባ ዲጋ ቤታቸውን፣ ታደለ ሽልማቱን፣ እኔ አልጋዬን ልናጣ! ታደለማ አክስቴ ጋ የምኖር ነው የሚመስለው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አሁን ግን ከዳኞቹ አንዱ፣ ሽበታም ዶክተር፣ «ከመሸለማችን በፊት የምዕራፍ ሦስትን ግቢ በዓይኔ ልየው» ብለው ከአዲስ አበባ መጡ። አባ ዲጋ በሩን ከውጭ ቀረቀሩብኝ። ዶሮ ከውስጥ አይቀረቅርማ።

ታደለ በኩራት ሲያስረዳ ይሰማኛል። ሁለት ዓመት የለፋበት ነገር አሁን የተንጠለጠለው እቅፌ ውስጥ ባለችው ቀይ ዶሮ ነው።

«እነዚህ ዶሮዎች ድምፅ የላቸውም እንዴ?» አሉ ዶክተሩ።

ዶሮዋን ጎሸም አደረግኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ዝም።

«ጌታዬ» አሉ አባ ዲጋ፣ «በዚህ ጊዜ ዶሮም አፉን ይሰበስባል።»

ዶክተሩ ሳቁ። ሳቃቸው እየቀረበ መጣ። መቀርቀሪያው ተሳበና በሩ አንድ ፊት የሚያስገባ ያህል ተከፈተ። አዩኝ። ክራቫት አስሬ፣ ዶሮ ታቅፌ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ተከምሯል።

«ስንት ናቸው፣ ዶክተር?» አለ ታደለ ከኋላ።

«አንድ አውራ ነው» አሉ ዶክተሩ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ። «ትንሽ ከስቷል እንጂ ጤነኛ ነው። መጽሐፍህ ልክ ነው።»

ከዚያ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስግገው፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «እኔም አዲስ አበባ ጓሮዬ ሁለት አሉኝ፤ አንደኛው ባንክ ነው የሚሠራው» አሉኝና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።